ሳይወጣ የቀረ እርማት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ከንስሐ አባቴም ደብቄዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በዘጋቢነት ስሠራ የሌሎችን ጥፋት አጣርቼ፣ ቦታውንና ሰዓቱን አመሳክሬ ጽፌአለሁ። የራሴን ግን አልጻፍኩም። ጥፋቱ ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ በአንድ ዘገባ ውስጥ ሁለት ስሞችን አቀያየርኩ። አውቄ ነው ያቀያየርኩት።

ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ጥቂት ዓመታት ሲቀራቸው አርባ ምንጭ ነበርኩ። ከተማዋ ያኔ የሰሜን ኦሞ ዞን ዋና ከተማ ነበረች፤ እኔ ደግሞ ከጎጃም ቆላ የመጣሁ ወጣት የጋዜጣ ዘጋቢ። ማሄ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ የጨንቻ ሰው፣ የሸማኔ ልጅ። ያወዳጀን አንድ የተቀደደ አትላስ ነው። ስለ አባያና ጫሞ ልጠይቀው ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ ሐይቆቹን ሲያሳየኝ፣ ጣቱ ወደ ደቡብ ሸርተት አለና ሞያሌን አልፎ ቆመ።

«ይሄ የኬንያ ተራራ ነው። አምስት ሺህ አንድ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሜትር።» ጣቱን ትንሽ ዝቅ አደረገ። «ይሄ ኪሊማንጃሮ። አምስት ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና አምስት። ከዚህ ስንት ቀን ይፈጃል ትላለህ?»

ከዚያ ቀን በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ሁለቱን ተራሮች በወረቀት ላይ ወጣናቸው።

በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ሲቀላ በሚባለው የታችኛው ከተማ፣ እትዬ አበበች ዓሣ ቤት እንገናኛለን። ጠዋት ከጫሞ የመጣው ዓሣ ተጠብሶ ከዳጣ፣ ከሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ ጋር ይቀርብልናል፤ እኛ ካርታውን ከሳህኑ ጎን እንዘረጋለን። እያንዳንዱ የጉዞ ቀን አንድ ገጽ ነበረው፤ ስንት ሰዓት እንሄዳለን፣ የት እናድራለን፣ ውሃ የት እናገኛለን። እኔ እጽፋለሁ፣ ማሄ በሚሊሜትር ወረቀት ላይ ዳገቱን ይስላል። ስንቃችን በሶና ቆሎ ነበር፤ ጫማችን የወታደር ቡትስ። የመኝታ ከረጢት የሚባለውን በሥዕል እንጂ በዓይናችን አላየንም ነበርና የማሄ አባት ጋሽ ሻንካ ሁለት ወፍራም ቡልኮ ሊሠሩልን ሸማ መሥሪያቸው ላይ ተቀመጡ።

«ዛሬስ የት ደረሳችሁ?» ትለናለች እትዬ አበበች መጥበሻው ላይ እንዳጎነበሰች።

«አምስተኛው ቀን ላይ ነን፣ እትዬ። በረዶው ጀመረ» ይላታል ማሄ።

«በሉ ዓሣው ሳይበርድ ብሉ። ተራራው እንደሆነ የትም አይሄድባችሁ።»

ማለዳ ማለዳ ጀርባችን ላይ በቦርሳ ድንጋይ አዝለን ከሲቀላ ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ሴቻ ዳገቱን እንወጣ ነበር። የአይሱዙ ሾፌሮች ፍጥነታቸውን ቀንሰው፣ «መምህር! ድንጋይ ሴቻም አለ እኮ፣ ምን አደከመህ!» እያሉ ይስቁብናል። ማሄ እጁን እያውለበለበ አብሯቸው ይስቃል። የዚያ ዳገት አቧራ፣ ከታች የሚያበሩት ሁለት ሐይቆች፣ ከፊቴ የሚሄደው የማሄ ሰፊ ጀርባ ዛሬም ይታዩኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ዓመት ደስ ያለኝ ጊዜ የለም። ይህን የማለት መብት አለኝ? እንጃ።

ለጉዞው የጠየቅነው የሁለታችንም የሥራ ፈቃድ በአንድ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የኔ አዘጋጅ በስልክ፣ «መጀመሪያ እዚያው ያለውን ተራራ ውጣና ዘገባ ላክልኝ። ከደከምክ ፈቃድ የለም፤ አስከሬን ከናይሮቢ አላስመጣም» አለኝ። የማሄ ርዕሰ መምህርም ከዚህ የተለየ ነገር አላሉትም። ስለዚህ ከጨንቻ በላይ ያለውን የጉጌን ተራራ ለመውጣት ተነሣን። ካርታዎቹ በጉጌ ከፍታ አይስማሙም፤ ሁለቱንም ቁጥር ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩ። እንዲህ ያለሁ ጠንቃቃ ነበርኩ።

ከጨንቻ ተነሥተን የመጀመሪያውን ቀን በእንሰትና በገብስ ማሳ መካከል፣ ሁለተኛውን በሣርና በጭጋግ ውስጥ ሄድን። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጫፉ እየታየን እኔ ወደቅሁ። ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ፤ አስመለሰኝ፤ እግሬ አልታዘዝ አለ። ጭቃው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። «ተወኝ» አልኩት። ማሄ ሁለቱንም ቦርሳ ደረቱ ላይ አንጠለጠለ፣ እኔን በቡልኮ ጠቅልሎ ጀርባው ላይ አዘለኝና ቁልቁለቱን ወረደ። በየመሐሉ ያሳርፈኛል፣ ውሃ ያጠጣኛል፣ ደግሞ ያዝለኛል። አንድ ገበሬ ቤት ስንደርስ ባለቤቲቱ ትኩስ ወተትና ቆጮ ሰጠችን። ማሄ ጽዋውን አፌ ላይ ያዘልኝና ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ብቻ ነው መድከሙ የታወቀኝ።

«ለአለቃህ ምን ትጽፍለታለህ?» አለኝ።

«የሆነውን» አልኩት።

አርባ ምንጭ ተመልሼ ታይፕራይተሩ ፊት ተቀመጥኩ። በመጀመሪያ የሆነውን ጻፍኩ። አንብቤው አወጣሁትና ሌላ ወረቀት አስገባሁ። ሰዓቱን አልነካሁም፤ ከፍታውን አልነካሁም፤ ጭጋጉን፣ ወተቱን፣ ቆጮውን አልነካሁም። ከዚያ ዘገባ ውስጥ ከሁለት ስሞች በቀር ሁሉም ነገር እውነት ነበር። መምህሩ ተዝለፈለፈ፤ ዘጋቢው አዝሎ አወረደው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። በፖስታ አሽጌ ላክሁት።

ጋዜጣው ወጣ። የመምህራን ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው አነበቡት። «የጨንቻ ልጅ ጨንቻ ላይ አዞረው! የቆላ ሰው አዝሎት ወረደ!» ተባለ። ደገኛው ሰው በገዛ ደጋው ተሳቀበት። ተማሪዎቹ ጉጌ የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ርዕሰ መምህሩ ፈቃዱን ከለከሉት። የኔ ፈቃድ ጸደቀ።

ማሄ ጋዜጣውን አጥፎ ቢሮዬ መጣ። ቆሞ ወለሉን እያየ፣ «ስሞቹ ተገለባብጠዋል» አለኝ። «ማተሚያ ቤት ነው፣ አይደል?»

ማተሚያ ቤት እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። የምወጣበትን በር ነበር የከፈተልኝ። እኔ ምን አልኩ?

«አዎ፣ እነሱ ናቸው። እርማት አስወጣለሁ።»

«ሁለት መስመር ይበቃል» አለና ሄደ።

እርማቱን አልጻፍኩም። ጋዜጣው በአውቶቡስ በደረሰ ቁጥር ማሄ መናኸሪያው አጠገብ ቆሞ እርማት የሚወጣበትን የመጨረሻውን ገጽ ሲገልጥ፣ ከላይ እስከ ታች ሲያይና መልሶ ሲያጥፍ ከመንገዱ ማዶ አየዋለሁ። አንድ ቀን አይደለም፤ ሳምንታት። አንድም ጊዜ መጥቶ አልጠየቀኝም። ቅዳሜ ዓሣ ቤት መሄዴን ተውኩ። እትዬ አበበች መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ «ምነው፣ ተራራው አለቀ እንዴ?» ብትለኝ ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት።

ከዚህ የባሰው የመጣው ለሥራ ጨንቻ በሄድኩ ጊዜ ነው። ጋሽ ሻንካ ሲያዩኝ ከሸማ መሥሪያቸው ተነሡ። ሁለት እጄን ያዙ።

«እኔ ጋዜጣ አላነብም። ያነበቡት ነገሩኝ» አሉኝ። «ልጄን በጀርባህ አወረድክ። ለእናቱ ልጅ መለስክላት።» ወደ ጓዳ ገብተው የማሄን ቡልኮ አመጡ። «እሱ ከእንግዲህ አይሄድም። ብርድ አገር ነው የምትሄደው፤ ደርበው።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። የታዘልኩት እኔ ነኝ፣ አባባ። ምን ነበረበት? ማን ይመታኝ ነበር? እኔ ግን፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ቡልኮውን ተቀበልኩ። ታቅፌው ወረድኩ። ሽማግሌው ይህን እንዳመኑ ሞቱ። ማሄም እውነቱን እንዳልነገራቸው ኋላ ሰማሁ። ለምን እንዳልነገራቸው አላውቅም፤ የማላውቀውን አልጽፍም።

ኬንያ አልሄድኩም። የጸደቀ ፈቃድ በእጄ ይዤ ቀረሁ። ብቻዬን ብወጣ ማን ሊያዝለኝ? ከሁለቱ ተራሮች አንዱንም ሳላይ ዝውውር ጠይቄ አዲስ አበባ ገባሁ። ማንም አላባረረኝ፤ ያባረረኝ የአንድ ሰው ዝምታ ነው።

ባለፈው ክረምት ከአርባ ምንጭ የመጣ አንድ ባልደረባዬ ምሳ ላይ ወሬ ሲያወራ፣ «ጨንቻ ውስጥ ጋሽ ጉጌ የሚባል ጡረተኛ መምህር አለ» አለ። «የገዛ አገሩ ተራራ ጥሎት፣ አንድ ጋዜጠኛ አዝሎ አወረደው አሉ።» ገበታው ዙሪያ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና በደልኩት። ቤቴ ገብቼ ቡልኮውን ከሣጥን አወጣሁት። ብል አልበላውም። ጋሽ ሻንካ ጠበቅ አድርገው ነበር የሠሩት።

ቡልኮውን ይዤ ጨንቻ እሄዳለሁ። ይቅርታ ቢያደርግልኝ የእሱ ነው፣ ባያደርግልኝም የእሱ ነው። እናንተ የምታነቡ እንድትምሩኝ አልለምንም፤ የሳቃችሁበትን ሰው እንድታውቁት ብቻ ነው የምፈልገው። እኛ ዘጋቢዎች እርማት ስንጽፍ «በስህተት» ብለን እንጀምራለን። ያንን ቃል እዚህ መጻፍ አልችልም። ስለዚህ እርማቱ እንዲህ ይነበብ፦

ጉጌ ላይ የወደቀው ዘጋቢው ነው።
አዝሎ ያወረደው መምህር ማሄ ሻንካ ነው።