እናቴ የደፋችው አሸዋ

ሰፌድ ላይ እህል ሲንገዋለል የሚያወጣውን ሿ ሿ የሚል ድምፅ ከጎረቤት ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ለሌላው ሰው ምሳ ሊደርስ ነው፤ ለእኔ ግን ያ ጣሊያን ተመልሶ ደጃችን ላይ የቆመ ይመስለኛል።

አባቴን ሶላቶዎች ቂርቆስ ከሚገኘው ቤታችን ወስደው ያሰሩት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር፤ እኔ ስምንት ዓመቴ ነው። መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ካዛንቺስ ለሹሞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች በአንዱ የሚኖር፣ ማዕድን ፈላጊ የሚባል መነጽራም ጣሊያን አስተርጓሚውን አስከትሎ ሲያልፍ፣ እናቴ ምስር ስታንገዋልል አይቶ ቆመ። እጇን ትኩር ብሎ ሲመለከት ቆይቶ አንድ ነገር ተናገረ።

«ድንጋይ ያመጣልሻል» አላት አስተርጓሚው። «ወቅጠሽ፣ አንገዋልለሽ፣ ከባዱን ከቀላሉ ትለዪለታለሽ። አሥር ጆንያ ስትጨርሺ ባልሽን ያስፈታልሻል።»

ጎረቤቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው ነገርሽ» ሲሏት፣ እናቴ አልሰማ ብላ ሙቀጫዋን አጥባ ጠበቀችው።

የመጀመሪያውን ጆንያ በሁለት ቀን ጨረሰች፤ ቀላሉን አቧራ እንደ ዱቄት በንጹሕ ቁና አኑራ፣ ከባዱን አሸዋ ጓሮ ደፋችው። ምን ታድርግ? ዕድሜዋን ሙሉ ድንጋይ እየለየች የጣለች ሴት ናት፣ የሚቀመጠው የትኛው እንደሆነም ማንም አልነገራትም። ሰውዬው መጥቶ ሲያይ ቁናውን በእርግጫ ገለበጠና እኔ ፊት በጥፊ አጮላት። ሦስት ቀን በጉልበታችን እየዳህን ያንን አሸዋ ከጭቃ ውስጥ ለቀምን፤ ግማሹን እንኳ አላገኘንም።

በጋውን ሙሉ ቤታችን ድንጋይ ድንጋይ ይሸት ነበር። ሰውዬው በወር አንዴ ቢበዛ ሁለቴ የሚያመጣው የበሰበሰውን፣ ሲጨብጡት እንደ ደረቀ ቂጣ የሚፈረፈረውን ነበር፤ ውሃና ዘመን ሲበላው ለስላሳው ታጥቦ ይሄድና ከባዱ ፍሬ ስለሚቀር ከጠንካራው ይሻላል ይል ነበር። ፍሬው ማር የመሰለ አሸዋ ሲሆን፣ ማሾ መብራት ውስጥ ለሚደምቀው ጨርቅ መሥሪያ የሚፈለግ ነው ተባልን። እናቴ ግን በኩራዝ ጭስ እያሳላት እየወቀጠች፣ አንድ ጆንያ ባለቀ ቁጥር ግድግዳው ላይ በከሰል ትጭር ነበር።

አሥረኛው ያለቀው ለፋሲካ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። የአባቴን ጋቢ አጥባ አጥር ላይ አስጥታ፣ ጆንያው መኪና ላይ ሲጫን፣ «ባሌስ?» አለች።

አስተርጓሚው ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ «የመጀመሪያውን ደፍተሽበታል፤ ስለዚህ ውሉ ፈርሷል ይላል» አላት። እናቴ ጋቢውን ከአጥሩ አውርዳ፣ አጥፋ ሣጥን ውስጥ መለሰችው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ከአባቴ ጋር ታስሮ የነበረ ሰው ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ አባቴ የሞተው በመስከረም፣ መስቀል ሳይደርስ መሆኑን ነገረን። የመጀመሪያው ጆንያ ደጃችን ሳይገባ ማለት ነው! ያ ሰውዬ ያስፈታልሻል ያላት የሞተ ሰው ነበር። ያውቅ እንደሆነ አላውቅም፤ ሳያውቅም ከሆነ ለመጠየቅ እንኳ አልደከመም፣ ለእኔ ያው ነው። ይቅር በይ የሚሉኝ አሉ፤ አልልም።

እናቴ ግን ይህን ሰምታም ጥፋቱን ከራሷ ላይ ማውረድ አልቻለችም። እስክትሞት ድረስ ምስር ስትለቅም ያገኘችውን ጠጠር ሁሉ አትጥለውም፤ አንድ አሮጌ ጣሳ ውስጥ ታኖረው ነበር። «እማዬ፣ ጣይው እንጂ!» ስላት፣ «ቆይ እስቲ፣ ቢጠይቁኝስ?» ትለኝ ነበር።

ዛሬ እንዲህ ያለውን ማዕድን ብርቅዬ ነው እያሉ በሬዲዮ ያወሩለታል። ያኔ ምስሩ ከነጠጠሩ ነበር የሚገዛው፤ አሁን ተለቅሞ በፌስታል ይመጣል። እኔ ግን ልማድ ነውና ሰፌድ ላይ አፈሰዋለሁ፤ አልፎ አልፎ አንዲት ጠጠር ያገኘሁ እንደሆነ፣ ሥራዬን ትቼ እነሣና፣ በእናቴ ፈንታ ከአጥር ውጭ አሽቀንጥሬ እጥላታለሁ።