የኦስሞ «ኮህታ»

ኦስሞ ካርካይነን ቃል ሲያወጣ ከኪሱ የሚያወጣ ይመስለዋል። በካላሳልሚ ወሽመጥ ላይ ሰውና መኪና የሚያሻግረውን ጀልባ ሲነዳ ጸጉሩ ሸበተ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ሳይሰስት የሚናገራት ቃል አንዲት ብቻ ናት፤ «ኮህታ»።

ቃሏስ የሐይቁ ሰው ሁሉ ናት። እናት ማማሰያዋን ይዛ «ሾርባው ኮህታ ይደርሳል» ትላለች። ሰማዩ ሲከብድ «ኮህታ ሊዘንብ ነው» ይባላል። በጸደይ የሐይቁ በረዶ ሲጠቁር ሽማግሌዎች ከዳር ቆመው «ኮህታ ይለቃል» ይላሉ። አሁን ማለት አይደለም፤ ነገም ማለት አይደለም። ነገሩ ተነስቷል፣ እየመጣ ነው ማለት ነው። ኦስሞ ግን ከተቀመጠበት ላልተነሳ ነገር ሁሉ ይላታል። የሚያፈሰው ጣሪያ ኮህታ ይጠገናል። የሚያመው ጥርስ ኮህታ ይነቀላል። እንዲህ ያለ ሰው ደግነቱ ባይኖር ኖሮ ማን ይችለው ነበር?

ከወሽመጡ ማዶ ሌምፒ ትኖራለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ሳውናዋን፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቷን፣ ስታነድ ጭሱ ከበርቹ ዛፎች በላይ ቀስ ብሎ ይወጣና ውሃው ላይ ይተኛል። ኦስሞ መሪውን እንደያዘ ያን ጭስ ሲያይ ሐሳቡ ይዞት ይሄዳል። በሯ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ፣ እርጥብ ቅጠል ሲሸተው፣ የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ስትደፋ ይታየዋል። ጀልባው ዳር ነክቶ ሲንገጫገጭ ብቻ ይነቃል።

«እንፋሎቱ ለሁለት ይበቃል እኮ፣ ኦስሞ» ትለዋለች ስትሻገር።

ወንድና ሴት አብረው ሳውና ከገቡ፣ ለመንደሩ ሰው ጋብቻው ያለቀለት ነው። ኦስሞም ይህን ያውቃል። ጆሮው ድረስ ይቀላና «ኮህታ» ይላል፤ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ መልስ የሰጠ ይመስለዋል። ቅዳሜዎቹ እንዲሁ አለፉ።

በመከር አንድ ጠዋት ሐይቁን ጉም ዋጠው። ከሌምፒ ዳር የተሳፈሩት ሁለት ናቸው፤ ወተት ጫኙ ፔንቲ ከነመኪናው፣ ሌምፒ ደግሞ ከነሻንጣዋ።

«ወዴት ነው?» አለ ኦስሞ።

«ስዊድን፣ ልጄ ጋ። ክፍል አዘጋጅቶልኛል።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለስንት ጊዜ ይለኛል እንዴ! ለመኖር ነዋ። አውቶቡሱ ማዶ እየጠበቀኝ ነው፤ ንዳ።»

ነዳ። ዳሩ ጠፋ፤ ሰማዩና ውሃው አንድ ሆኑ። ጀልባው የሚሄድበት የብረት ገመድ ከነጭ ነገር ይወጣል፣ ወደ ነጭ ነገር ይገባል። ኦስሞ ይህን መንገድ በሕልሙም በእውኑም ያውቀዋል፤ እንዲህ ያስፈራው ግን ዛሬ ነው። ማዶ ከደረሰ ሌምፒ የለችም። ከዚያ በኋላ ጭሱ አይወጣም፤ ቅዳሜ ማለትም እንደ ማክሰኞ ያለ ቀን ይሆናል። እጁ ሳያማክረው ሞተሩን አጠፋው።

ጸጥ አለ። ውሃው የጀልባውን ጎን ቀስ እያለ ይልሳል።

«ተበላሸ?» አለ ፔንቲ በመስኮቱ ብቅ ብሎ።

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ ምን ልሁን ብለህ ነው? ወተት ጭኛለሁ እኮ፣ አንተ ሰውዬ!»

«ኮህታ እንሄዳለን።»

ሌምፒ ከሻንጣዋ ላይ ብድግ አለች። «ይቺን ቃል ዳግመኛ እንዳልሰማት! እሷ ምድጃ ውስጥ ላለ ዳቦ ናት። አንተ እህሉንም አላስፈጨህም። ስንት ቅዳሜ ሁለት ፎጣ ሰቅዬ አንዱን ደረቁን አወረድኩ፣ ታውቃለህ? ሰው ይደክመዋል፣ ኦስሞ። እኔ ደከመኝ።»

ኦስሞ ኮፍያውን አወለቀ። ሁለት ፎጣ መሰቀሉን አያውቅም ነበር፤ ልቡ የተሰበረው እዚህ ላይ ነው።

«ቅሪ» አለ። ከዚያም ቃሉ ያነሰ መስሎት፣ «እባክሽ ቅሪ። ያላንቺ አልችልም» አለ።

ፔንቲ እንኳ አንገቱን ወደ መኪናው መለሰ።

ሌምፒ አፍንጫዋን ጠረገች። «የዳቦ እርሾዬን ዳገቱ ላይ ላለችው ጎረቤቴ ለሂልማ ሰጥቻታለሁ» አለች። «ከእናቴ የወረስኩትን። ልትጋግርበት ነው፣ ዛሬውኑ። የሰጡትን መልሶ መጠየቅ እኔ አልችልም፤ አፍራለሁ። አንተ ትለምናታለህ።»

ኦስሞ በዕድሜው ከሰው ደጃፍ ጨው እንኳ ለምኖ አያውቅም። ኮፍያውን መልሶ ደፋ፤ ሞተሩን አስነሳና ማርሹን ወደ ኋላ መለሰው።

«ወደ ኋላ! ኧረ ወተቱ!» ጮኸ ፔንቲ፤ የሰማው የለም።

ጀልባው ዳር ሲነካ ኦስሞ መወጣጫውን አውርዶ ሳይጨርስ ዘለለ። ከባድ ቦት ጫማውን እያንቋቋ፣ የሂልማን ዳገት በሩጫ ተያያዘው፤ ኮፍያው ወደቀ፣ አላነሳውም።

ፔንቲ ከመኪናው ወርዶ ሌምፒ አጠገብ ቆመ። «ሴትዮዋ እንቢ ብትለውስ?»

«በሯ ላይ ይቆማል» አለች ሌምፒ፣ ዓይኗን ከዳገቱ ሳትነቅል። «እስክትሰጠው ይቆማል። እየው፣ እየሮጠ እኮ ነው።»