የኖኅ አራተኛ ልጅ

የእጮኛዬ አባት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ወደ ለንደን መጥተው፣ ዋይት ሲቲ ሰፈር በመንግሥት ኪራይ ቤት ተቀምጠው የሰው ዘር የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ። "ሰባት ቤት ቁጠሪልኝና ለእናትሽ ሽማግሌ እልካለሁ" አሉኝ። ዝምድና እንዳይኖር ነው አሉ። ድንቄም! እናቴ ብቻዋን እንዳሳደገችኝ፣ የምጠራውም በእሷ አባት ስም እንደሆነ ሰምተዋል። እናቴ ደግሞ ሽማግሌ ደጇ ካልመጣ ልጄን አልድርም ብላለች። ሠርጋችን እዚያ ላይ ተንጠለጠለ።

የታሪክ ተማሪ ስለነበርኩ፣ የጥንት እንግሊዝ ነገሥታት የዘር ሐረግ የተጻፈባቸው ብራናዎች ካምደን ለእይታ ሲቀርቡ አባትና ልጁን ይዤ ሄድኩ። ሆን ብዬ ነው።

የብራናው ነገር ጉድ ነው። ንጉሡ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሌ ልጅ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። የሚታወቅ ሰው ሲያልቅባቸው ዎደን የሚባለውን ጣዖታቸውን አያት አደረጉት። ክርስትና ሲገባ ጣዖቱ አሳፈራቸው መሰለኝ፣ ከእሱም በላይ ቀጥለው ኖኅ ጋ አደረሱት። ያውም በሴም ወይም በያፌት በኩል አይደለም፤ መርከቡ ውስጥ ተወለደ በተባለ አራተኛ ልጅ! ራስ ሳይጠና ጉተና።

ስተረጉምላቸው አባትየው እስኪያስላቸው ሳቁ። "አራተኛ? የኖኅ ልጆች ሦስት አይደሉም እንዴ? ወይ ጉድ፣ ይህን የጻፈ ሰው አያፍርም?"

"እስቲ እርስዎ የራስዎን ሰባት ቤት ይቁጠሩልኝ" አልኳቸው።

አራቱን እንደ ውሃ አወረዱት። አምስተኛው ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስድስተኛው ደጃዝማች ሆኑ፣ ሰባተኛው ጎንደር ላይ ነገሡ።

"ስማቸው ማን ነበር?"

"ንጉሥ ነዋ! ንጉሥን በስሙ ማን ይጠራዋል?"

ባለፈው ፋሲካ ሲቆጥሩ ስድስተኛው ቄስ እንደነበሩ አስታወስኳቸው። "ሁለቱንም ነበሩ" አሉኝ፣ ምንም ሳይመስላቸው። ተናደድኩ። ለእሳቸው ሲሆን ይጨመራል፣ ለእኔ ሲሆን ይቆጠራል።

እጮኛዬን አየሁት። በልጅነቱ መጥቶ እዚሁ ያደገ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ስለ እኩልነት ትሬኒንግ የሚሰጥ ሰው ነው። አንዲት ቃል ይናገርልኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን አባቱ ሽንት ቤት እስኪሄዱ ቆይቶ ጠጋ አለኝና፣ "ሊስን፣ አንቺም ሰባት ስም ፈልጊና ንገሪያቸው። አባትሽን የሆነ መምህር ምናምን በያቸው። ማን ቼክ ያደርጋል?" አለኝ።

ስለ አባቴ በጠየቅኋት ቁጥር እናቴ "ሳያይሽ ሄደ" ትለኛለች። አንድም ቀን አሳምራ ነግራኝ አታውቅም። ቀለበቱን አውልቄ የእጮኛዬ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩና ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሰፈር፣ እናቴ ቤት ሄድኩ።