አሜሪካኖቹ ታረቁ

ባሌ አሜሪካን አንድም ቀን ረግጧት አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወሬያችንን የሰማ ሰው ዋሽንግተን የኖርን ስለሚመስለው ነው። የኖርነው ሜልቦርን ነው፤ ዲር ፓርክ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ በኪራይ ቤት። እሱ የመጋዘን ዕቃ ማንሻ፣ ፎርክሊፍት፣ ይነዳል፣ እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። አሜሪካን ማንም ገዛት ማን የእኛ ሺፍት አይቀየርም። እንዲህም ሆኖ ቤቴን ያመሰው፣ እኅት ያልኳትን ሰው የነጠቀኝ የአሜሪካ ምርጫ ነው። ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል።

ነገሩ የጀመረው በብሎግ ነው። ባሌና ጓደኛው አብረው ነው የተሰደዱት። ሱዳን አንድ ድንኳን ውስጥ ኖረዋል፣ አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተዋል፣ አውስትራሊያም የገቡት ተከታትለው ነው። ሁለቱም መንግሥት የሚባል ነገር ሲነሳ ደማቸው ይፈላል። የባሌን አባት ሱቅ መንግሥት ወርሶታል፤ የጓደኛው ታላቅ ወንድም ከቤት ተወስዶ በዚያው ቀርቷል። ታዲያ የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች የሚጽፏቸውን ብሎጎች ሲያገኙ፣ መንግሥት ይነስ፣ ግብር ይቀነስ፣ ሰው በላቡ ይደር የሚለውን ሲያነቡ፣ የጠፋ ዘመድ ያገኙ ነው የመሰላቸው። አልፈረድኩባቸውም። ከመጠጥ ይሻላል ብዬ ነበር። ወይ ነዶ!

ቆይተው የራሳቸውን ብሎግ በአማርኛ ከፈቱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ታርኔት፣ ጓደኛው ቤት፣ ላፕቶፕ አቅፈው ይቀመጡና የአሜሪካኖቹን ጽሑፍ ይተረጉማሉ። ለማን እንደሚተረጉሙ እሱ አንድዬ ይወቀው። አዲስ አበባ የታክሲ ሰልፍ ላይ ለቆመ ሰው ስለ ቴክሳስ የጠመንጃ ሕግ ማስረዳት ምን ይባላል? ኮሜንት የሚጽፍላቸው የባሌ የአክስት ልጅ ብቻ ነበር፤ እሱም "በርቱ" ይልና ከሥሩ ያገለገለ ስልክ እንዲላክለት ይጠይቃል።

እኔ ግን ቅዳሜን እወዳት ነበር። የጓደኛውን ሚስት እታለም ነው የምላት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ወንዶቹ ሳሎን ስለ ግብር ሲጮሁ እኛ ጓዳ ሽንኩርት እየከተፍን በእነሱ እንስቃለን። "የእኔ ሴናተር ወጥ ይጨመርለት ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ" ትለኛለች። እዚህ አገር እናት የለኝ፣ እኅት የለኝ፤ ያለችኝ እሷ ነበረች። ስንት ዓመት ጠብቄ ሳረግዝ፣ ከባሌ ቀድማ የሰማችው እሷ ናት። ያኔውኑ ሴት ከሆነች ክርስትና የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ አልኳት። አለቀሰች። እሷ አልወለደችም፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ክርስትና ያነሳ ሰው እንደ ወላጅ ነው፣ ሁለቱ ቤተሰብ አበልጅ ይሆናል፣ እስከ ልጅ ልጅ ዝምድናው አይፈርስም። ልጄ እናት ልትደርብ፣ እሷም ልጅ ልታገኝ ነበር።

ስለ ጓደኛው ጀርባ ካልነገርኳችሁ ቀሪው አይገባችሁም። ሁለቱ ወንዶች ድሮ ዲር ፓርክ አንድ መጋዘን ነበር የሚሠሩት። አንድ ቀን የተደረደረ ዕቃ ተንዶ ጓደኛው ላይ ወደቀ። ከሥር ጎትቶ ያወጣው ባሌ ነው፤ አምቡላንስ ውስጥም እጁን ይዞት የሄደው ባሌ ነው። ከዚያ ወዲህ ጓደኛው አንድ ሰዓት መቀመጥ፣ አንድ ሰዓት መቆም ከቻለ ተመስገን ነው። የአካል ጉዳት ፔንሽን ውሰድ ብሎ የመከረውም ባሌ ራሱ ነው፤ መብትህ ነው፣ ስንት ዓመት ግብር ከፍለሃል አለው። ጓደኛው ግን አፈረ። ለሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ የሒሳብ ሥራ እንደሚሠራ ነበር የሚናገረው። ከሚስቱ ሌላ እውነቱን የምናውቀው እኔና ባሌ ብቻ ነበርን።

ከዚያ አሜሪካኖቹ ተጣሉ። ከሌላው ፓርቲ ጋር ቢሆን ደግ፤ እርስ በርሳቸው! ወግ አጥባቂዎቹ ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርቡትን ሰው ሊመርጡ ሲሉ አንድ ሥልጣን ይዞ የማያውቅ ሀብታም ሰውዬ ብቅ አለና ጎራው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ጸሐፊ እሱ ነው የሚያድነን አለ፤ ግማሹ ይሄ ሰው ከእኛ ወገን አይደለም፣ ሞተን እንገኛለን አለ። ትናንት እርስ በርስ ሲሞጋገሱ የነበሩት ከሐዲ፣ ቅጥረኛ፣ አስመሳይ መባባል ጀመሩ። አንዱ ሌላውን ለማዋረድ የግል ደብዳቤውን ሳይቀር ያወጣበታል። ባሌ ከሀብታሙ ጋር ቆመ። ጓደኛው መርህ ይቀድማል ካሉት ጋር ሆነ።

የአሜሪካኖቹ የማታ ክርክር የሚተላለፈው በእኛ ቀትር ላይ ነው። ለእኔ የሆስፒታል ቀጠሮ የሕመም ፈቃድ፣ ሲክ ሊቭ፣ መውሰድ አልችልም፣ አለቃዬ ያኮርፋል ያለ ሰውዬ፣ ለክርክሩ ሲክ ሊቭ ወሰደ። ሆዴን ይዤ በአውቶቡስ ብቻዬን ሄድኩ። ስመለስ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጦ አገኘሁት፤ ስለ ልጁ ምን አሉሽ ሳይል ሀብታሙ እንዴት አድርጎ እንዳዋረዳቸው ነገረኝ። ያን ቀን ቴሌቪዥኑን በመስኮት ብወረውረው ደስ ባለኝ።

ቅዳሜዎቹ ወደ ኩርፊያ ተለወጡ፤ አንዱ የተረጎመውን ሌላው ያጠፋዋል። በኋላ ባሌ የብሎጉን ፓስወርድ ቀየረው። ጓደኛው ምን ያድርግ? የእኛ ሰው ሲሰነጠቅ የሚያደርገውን አደረገ። ፓርቲውም፣ ዕድሩም፣ ማኅበሩም ሲከፈል እንደሚሆነው፣ በዚያው ስም ላይ "እውነተኛው" የሚል ጨምሮ ሌላ ብሎግ ከፈተ። አንባቢው የባሌ የአክስት ልጅ ለሁለቱም በርቱ እያለ ይጽፍ ጀመር።

እኔና እታለም የእነሱን እብደት ወደ ቤታችን ላናስገባው ተነጋግረን ነበር። ምጥ ሲይዘኝ ከባሌ በፊት ሆስፒታል የደረሰችው እሷ ናት። ልጄን ከአዋላጇ እጅ ተቀብላ መጀመሪያ ያቀፈቻት እሷ ናት፤ እልልታዋን ስታቀልጠው ነርሶቹ ምን ሆኑ ብለው ሮጠው መጡ። ባሌ ኮሪደሩ ላይ ስልኩን ይነካካ ነበር። በነጋታው ገንፎ ይዛልኝ መጣች። ስሙንም ተመካክረን ያወጣነው እኔና እሷ ነን።

ልጄ ሁለት ወር ሳይሞላት አንዲት የማውቃት ሴት ደወለችና፣ እነ እንትና በፔንሽን ነው እንዴ የሚኖሩት ብላ ጠየቀችኝ። የት ሰማሽ ስላት በባልሽ ብሎግ አለችኝ። ልጄን ጡት ላይ አድርጌ ከፈትኩት። ባሌ በወግ አጥባቂነት ስም የመንግሥትን ጡት ስለሚጠቡ ሰዎች ጽፏል። ለምሳሌ ያህል ብሎ፣ ታርኔት የሚኖር አንድ "እውነተኛ ነኝ ባይ" ጀርባዬን አሞኛል ብሎ ተኝቶ በግብር ከፋይ ገንዘብ ስለ መርህ ይሰብካል ይላል። ስም የለበትም። የሌለው ስም ብቻ ነው።

ያቀፍኳት ልጅ እኮ በመንግሥት ሆስፒታል በነጻ የተወለደች ናት! የልጅ ድጎማው በየሁለት ሳምንቱ አካውንታችን ይገባል፤ እሱ ይህን በሚጽፍበት ሳምንት እንኳ ገብቷል። ሲመጣ በር ላይ ጠብቄ ምን ነካህ አልኩት። ስሙን አልጠራሁም አለኝ። አሜሪካኖቹም እንዲህ ነው የሚከራከሩት፣ ፖለቲካ ነው፣ አንቺ አይገባሽም አለኝ። አልገባኝም። እስከ ዛሬም አልገባኝም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው።

ወሬው ፉትስክሬይ ያሉት የሐበሻ ሱቆች ደረሰ። እታለምን ዕቃ ስትገዛ ባልሽ ተሻለው ወይ ብለው በሽሙጥ ይጠይቋት ጀመር። አንዱ የእኛው ሰው ደግሞ ለመንግሥት ጠቆመ፤ ጓደኛው ተጠርቶ ብሎግ መጻፍ የሚችል ሰው ሥራ መሥራት እንዴት አቃተው ተብሎ እንደገና ምርመራ ገባ። ሱዳን ላይ ያልተዋረደው ሰው እዚህ የሐኪም አልጋ ላይ ጎንበስ በል፣ ቀና በል ተባለ። የልጄ ክርስትና ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ሽማግሌ ላክሁ። ዋይንድሃም ቬል የሚኖሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ ነበሩ፤ ቤታቸው ሁላችንንም አስቀመጡን። ጋሼ መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ ንገሩኝ አሉ። ባሌ ስለ ሀብታሙ፣ ጓደኛው ስለ መርህ ሲያስረዱ ብዙ አዳመጡ። ከዚያ ለመሆኑ አሜሪካ ከሁለታችሁ ድምፅ የሚሰጥ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። የለም ተባለ። ዘመድ የሚመረጥላችሁ አለ ወይ አሉ። የለም። ጋሼ አገጫቸውን ያዙ፤ ያኔ እንኳ ባሌ የሚያፍር መስሎኝ ነበር።

"ስሙን አልጻፍኩም፣ ጋሼ" አለ ደግሞ።

"ስሙንማ ብትጽፍ ይሻል ነበር፤ አንተ የጻፍከው የተሰበረ ጀርባውን ነው። ተነስና እግሩ ላይ ውደቅ። ይቅር ለእግዚአብሔር በለው።"

ሁላችንም ባሌን አየነው። ጓደኛው ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ እምላለሁ፣ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ባሌ እውነት በመጻፌ ይቅርታ አልጠይቅም፣ እነሱም እንደዚያ ብለው ቢሸነፉ ኖሮ እዚህ አይደርሱም ነበር አለ። እነሱ የሚለው አሜሪካኖቹን ነው። ጓደኛው የወንበሩን ጠርዝ ይዞ፣ እታለም በብብቱ ገብታ ደግፋው፣ ቀስ ብሎ ተነሳ። ከሳሎኑ እስከ በሩ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ባሌ ወለሉን ያይ ነበር።

የሴት ልጅ ክርስትና ሰማንያኛው ቀን ላይ ነው፤ የባል እልህ እስኪበርድ አይጠብቅም። ደወልኩላት። እነሱን እርሻቸው፣ እኔና አንቺ ነን፣ ልጅሽ ናት ብዬ ለመንኳት።

"አንቺን አልተቀየምኩም" አለችኝ። "ግን አበልጅ ከሆንን ባልሽ ቤቴ ይመጣል። ባሌም በዚያ ወገቡ ተነስቶ ሊቀበለው ነው። ያን ቆሜ ማየት አልችልም።"

ምን ልበላት? እውነቷን ነው። ስልኩን ይዘን ሁለታችንም አለቀስን፤ ማን ቀድሞ እንደዘጋው አላስታውስም።

በክርስትናው ዕለት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ልጄን ነጭ አልብሼ ቆምኩ። በሩን ሳይ፣ ስልኬን ሳይ ቆየሁ፤ ሐሳቧን ትቀይራለች የሚል ተስፋ ነበረኝ። ካህኑ የክርስትና እናቷ የታለች ሲሉ አልመጣችም አልኳቸው። ዲያቆኑ ጸሎት ልታደርስ የመጣች አንዲት ተማሪ ከሴቶቹ መሃል ጠርቶ አመጣልኝ። ደግ ልጅ ናት፣ አላማትም፤ ልጄን ስትቀበል ስሟ ማነው ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ዓመት ሳይሞላ ትምህርቷን ጨርሳ ሌላ ከተማ ሄደች፣ ስልኳም አይሠራም። ባሌ ያን ዕለት ፎቶ ሲያነሳ ፈገግ በይ አለኝ። ባልሰማ አለፍኩት።

ሀብታሙ አሸነፈ። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ታረቁ! ሞተን እንገኛለን ያሉት ሁሉ አንድ በአንድ ብቅ እያሉ ልዩነታችን ጠባብ ነበር፣ አሁን አንድ እንሁን ብለው ጻፉ። ጓደኛው እንደ ወንጌል ይጠቅሰው የነበረ ጸሐፊ፣ ሲሰድቡት ከነበሩት ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ራት በልቶ ፎቶ ተነሳ። ባሌ ፎቶውን ጓዳ ድረስ ይዞልኝ መጣ፤ ደስ ብሎት ነበር፣ ታረቁ እኮ ይለኛል። የልጄን ዳይፐር እየቀየርኩ ነበር። አንተስ አልኩት። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ያን ሳምንት ለጓደኛው ሦስት ቀን ደወለ፤ አላነሳለትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሁለቱም ብሎጎች ሞቱ፤ የባሌን አድራሻ ስትከፍቱት አሁን የሚመጣው የጫማ ማስታወቂያ ነው። ከባሌ ጋር አልተፋታንም፤ እሱም አንዳንድ ቅዳሜ የመኪና ቁልፉን አንስቶ የት እንደሚሄድ ጠፍቶት መልሶ ያስቀምጣል። አዝንለት ነበር፣ እምቢ ይለኛል ሆዴ።

ልጄ ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆናት ታርኔት ሱፐርማርኬት ገባን። ከወተቱ መደርደሪያ ጋ እጄን ለቅቃ ሮጠችና አንዲት ሴት እግር ሥር ቆመች። እታለም ናት፤ ፀጉሯ ሸብቷል። እኔን አየችኝ፣ አንገቷን ነቅንቃ ሰላም አለችኝ። ከዚያ ጎንበስ አለችና የልጄን ጉንጭ ነካ አድርጋ፣ "የኔ ቆንጆ፣ ስምሽ ማነው?" አለቻት።

ያንን ስም አብራኝ ያወጣችው እሷ ናት። ልጄ ስሟን ነገረቻት፤ ቀጥላም እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፣ አንቺስ ማነሽ ብላ ጠየቀቻት።

እታለም ቀና አለች። ወደ እኔ ግን አላየችም።

"ድሮ እናትሽን አውቃት ነበር" አለቻት፤ ወተቷን አነሳችና ልትከፍል ሄደች።