ደብተራው ተከራይ

እንኳየሁ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከፒያሳ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የትነበርሽ በምትባል ሴት ግቢ፣ ጓሮ ባለችው ክፍል ዘጠኝ ዓመት ተከራይቶ ኖሯል። የተወለደው ከአይከል ወዲያ ባለ የገበሬ መንደር ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ዜማ፣ ቅኔና አቋቋም እየተማረ ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው ሲዞር ሃያ ሦስት ዓመት ፈጀ። ይህን ያህል ዘመን የተማረ ሐኪም ቢኖር ሰው ከመቀመጫው ይነሣለት ነበር። እንኳየሁ ያተረፈው አንድ ስም ነው፤ ደብተራ።

ቃሉ የግዕዝ ነው፤ ድንኳን ማለት ነው። ሙሴ በምድረ በዳ የተከላት፣ ታቦቱ ያደረባት ድንኳን በግዕዙ መጽሐፍ ደብተራ ትባላለች። የቋንቋ አዋቂዎች ከዚያም አሻግረው ከግሪክ ያመጡታል፤ መነሻው ቆዳ ማለት ነበር ይላሉ። በድንኳኗ የሚያገለግለው ሰው በድንኳኗ ስም ተጠራ፤ ዛሬም በየበዓሉ ጸናጽልና መቋሚያ ይዞ የሚዘምረው ሰው የሚጠራው በዚሁ ነው። ጥቂቶች ክታብ እየጻፉ ስለሸጡ ግን ቃሉ በሰው አፍ መተተኛ ማለት ሆነ። ሻጭ የኖረው ገዢ ስለነበረ ነው። ለገዢው እስከ ዛሬ ስም አልወጣለትም።

እንኳየሁ ክታብ ጽፎ አያውቅም። የሚጽፈው ድጓ ነበር። የተወለደበት መንደር ቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፉን አይጥ ስለበላበት በብራና እየገለበጠለት ነው። ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጀው ራሱ ነው፤ ጥላሸትና የከሰለ ገብስ ከቅጠል ጋር ይወቅጣል፣ በውኃ ይዘፈዝፋል፣ በየቀኑ እያማሰለ ወራት ያቆየዋል። ቀለም ሲቦካ ይሸታል። ስለዚህ የቀለሙን ማሰሮ ከክፍሉ አርቆ አጥሩ ጥግ አስቀመጠና በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደነው። አምስት ወር ሞልቶት ነበር።

በግንቦት የየትነበርሽ ልጅ ቤዚ ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ በር ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሐኪሙ የደም ማነስ ነው ብሎ ኪኒን ሰጣት። የትነበርሽ ኪኒኑን ተቀበለች፤ ምክንያቱን ግን አልተቀበለችም። ታናሽ ወንድሟ አዘዘ ልጅቷን ሊጠይቅ መጣ። አዘዘ ባለ ዲግሪ ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሠራል። ጓሮውን ዞረና ማሰሮውን ከፈተ።

«እቴ፣ ይኼን ምን ትይዋለሽ? ቅጠል ነው፣ ጠቁሯል፣ ይገማል። ደብተራ ጓሮሽ አስቀምጠሽ ልጄ ምን ነካት ትያለሽ?»

እንኳየሁ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ማሰሮው ተሰብሮ ቀለሙ መሬት ላይ ፈሷል። የትነበርሽ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ዘጠኝ ዓመት «የኔታ» ስትለው የኖረች ሴት፣

«ክፍሉን እስከ ቅዳሜ ልቀቅልኝ» አለችው።

«ቀለም እኮ ነው የደፋሽው።»

«ቀለም ከሱቅ ይገዛል» አለ አዘዘ ከኋላዋ።

እንኳየሁ ሽማግሌ ለመነ። ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቶች ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። የሚመራቸው አያ ቢሻው ነበር፤ ከሳንጃ ሰሊጥ ሲያመላልስ ያረጀ ነጋዴ። የቀረበው ጥያቄ አንድ ነው፤ እንኳየሁ ይቆይ ወይስ ይውጣ?

«ታቦት ፊት ቆሞ መተት አላውቅም ብሎ ይማል» አለ አዘዘ። «ከማለ ይቆይ።»

«አንተስ ትምላለህ?» አለ እንኳየሁ።

«እኔ ምን አድርጌ?»

«እኔስ ምን አድርጌ?»

አያ ቢሻው ሳቀ። «ሸጋ ጥያቄ ነው። ምነው አዘዘ፣ ቢሮ ስትገባ ጉቦ አልበላም ብለህ ምለሃል እንዴ?»

«አያ፣ ነገር አያዙሩብኝ።»

«እኔ ሳዞር የኖርኩት ሰሊጥ ነው። ነገርስ የምታዞረው አንተ ነህ።»

ቤዚ ግድግዳውን እየተደገፈች ከቤት ወጣች። «እማ፣ የሐኪሙን ወረቀት አንብቢው እንጂ! ደሜ ነው ያነሰው። የኔታ ምን አደረጉኝ?»

እንኳየሁ ወደ ክፍሉ ገባ። እስካሁን የጻፈውን ብራናና ከቀድሞው ቀለም በቀንድ ውስጥ የቀረችውን ጠብታ አወጣ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ቀንዱን፣ ቀጥሎ የማሰሮውን ስባሪ በየተራ አሸተቱ። አንድ ዓይነት ነበር። ከዚያ በኋላ ፍርዱ አላስቸገረም፤ እንኳየሁ ይቆይ፣ የትነበርሽ ይቅርታ ትጠይቅ። ጉልበቱን ስማ ይቅርታ ጠየቀች። ሰዎቹም መርቀው ተነሡ።

ሲሄዱላት እንኳየሁን ወደ ጓሮ ተከተለችው።

«እንግዲህ ታርቀናል፣ የኔታ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለቤዚ ለሰው ዓይን የምትሆን ትንሽ ክታብ ቢጽፉላት ምን አለበት? ለማንም አልናገርም። አዘዘም ‘ያውቃል፣ ደብቆ ነው’ ብሎኛል።»

እንኳየሁ ቀለሙን ተደፍቶ ሲያገኘው አልጮኸም። ማል ሲባልም አልጮኸም። አሁን ግን ድምፁ አጥሩን ተሻገረ።

«አንቺ ሴትዮ! ጠዋት መተተኛ ነው ብለሽ ሰው ፊት አቆምሽኝ፤ አሁን ደግሞ መተተኛ ሁንልኝ ትያለሽ? ሃያ ሦስት ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው?»

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ! ቅድም ሰው ቢሰማ የጠላሽ አልመሰለኝም!»

ብራናውን በጋቢ ጠቀለለ፤ ልብሱንና መጻሕፍቱን በሁለት ማዳበሪያ ከተተ። ባጃጅ መጣ። የትነበርሽ ከኋላው እየተከተለች «ይቆይ ተብሎ ተፈርዶልዎት የለም እንዴ!» ትላለች።

«እዚህ የቆየው እኔ አይደለሁም» አለ እንኳየሁ። «አንቺ የምታስቢው መተተኛ ነው። እሱን አስቀምጪው።»

በሳምንቱ ክፍሉን አንድ የባንክ ሠራተኛ ተከራየው። ዕቃውን እያስገባ የበፊቱ ሰው ለምን እንደ ለቀቀ ጠየቃት።

«ደብተራ ነበር» አለችው።

ወጣቱ ገባኝ በሚል ዓይነት ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላም አልጠየቀም።