ኮት የለበሰ ምርጫ

እስቲ ይህን ደብተር እዩት። ጠርዙ በበረኪና ነጥቷል። እያንዳንዱ ገጽ መሐሉ ላይ በመስመር ተከፍሎ በግራ ኮት፣ በቀኝ ነጠላ ጫማ ተሥሎበታል። ሥዕሉ አያምርም፤ ኮቱ ጆንያ ይመስላል።

የደብተሩ ባለቤት በአንድ የእንግዳ ማረፊያ አሥራ አንድ ዓመት አንሶላ ያጠበች ሴት ናት። እንግሊዝኛ ያስተማራት የለም። ማሽኑ እስኪጨርስ እየጠበቀች፣ እንግዶች ረስተዋቸው ከሄዱ መጻሕፍት ቃል በቃል ለቀመችው። ለትልቅ ሰው የሚባለውን ከኮቱ ሥር፣ ለጓደኛ የሚባለውን ከነጠላ ጫማው ሥር ትጽፋለች። ለሰው ምርጫ ሲቀርብ የሚባለው ብቻ አራት ገጽ ሞልቷል። አራት ገጽ! እሷን ግን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ «የቱን ትመርጫለሽ?» ያላት ሰው የለም።

የእንግዳ መቀበያው ቦታ ሲለቀቅ አመለከተች። ሠራተኞች በሌለበት «ጋሼ ደንብ» የሚሉት ሥራ አስኪያጅ የአንድ ጠዋት ፈተና ሰጣት።

«እንግዳ ፊት ተራ እንግሊዝኛ ከሰማሁ ወደ ማሽንሽ ትመለሻለሽ» አላት።

«አይዞሽ እቴ» አለቻት ምግብ አብሳይዋ። «ምላስሽ ከተሳሰረ ሳቂ። ጥርስ እንደሆነ አስተርጓሚ አይፈልግም።»

ሦስት ሰዓት ላይ አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሽማግሌ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ገቡ። አስቀድመው የያዙት ክፍል ቧንቧው ፈንድቶ ወለሉ ኩሬ ሆኗል። የቀሩት ሁለት ናቸው፦ አንዱ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጸጥ ያለ፣ ሃምሳ ስምንት ደረጃ የሚያስወጣ፤ ሌላው ታች፣ ከማጠቢያ ማሽኖቹ ጎን። ጋሼ ደንብ እጁን አጣምሮ ከኋላዋ ቆሟል።

ኮቱን እስከ አንገቷ ቆለፈች። በእንግሊዝኛ «ሁለት አማራጮችን ለክቡርነትዎ አቀርብ ዘንድ በትሕትና ፈቃድዎን እጠይቃለሁ» ብላ ጀመረች። «ወይም» ለማለት «ኦልተርናቲቭሊ» የሚለውን ዳገት እንኳ ሳትደናቀፍ ወጣችው። የጋሼ ደንብ ፊት በራ። ሽማግሌው ግን እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ምን?» አሉ። ደገመችው። «ምን?» ሻንጣቸውን ተደግፈው ቆመዋል። በሦስተኛው ኮቱን ወርውራ ነጠላ ጫማው ውስጥ ዘላ ገባችና መጀመሪያ ያገኘችውን አፈፍ አድርጋ ጮኸች፦

«ቴክ ኢት ኦር ሊቭ ኢት!»

ብትፈልግ ውሰድ፣ አለዚያ ተወው ማለት ነው። አሮጌ ጃንጥላ የሚሸጥ ሰው የሚለው! ከነጠላ ጫማው ሥር ስትጽፈው ቃሉ እንደሚናከስ የነገራት አልነበረም።

ጋሼ ደንብን ሳል ያዘው። ሽማግሌው ሻንጣቸውን ለቀው በሳቅ ፈረሱ።

«ይኼንንስ ሰማሁ! ግን ምኑን ነው የምወስደው?»

ያኔ ደብተሩን ረሳችው። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። ጎንበስ ብላ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች፦ «ጸጥታ፤ ብዙ ደረጃ።» ወደ ታች፦ «ደረጃ የለም፤ እስከ ቀትር ጩኸት። የቱ ይሻልዎታል?»

«የታችኛው ነዋ! እኔ እንደሆንኩ ግማሽ ደንቆሮ ነኝ፤ ማሽኑ ካሻው ይጩህ።»

ሽማግሌው ቁልፋቸውን ይዘው እንደሄዱ ጋሼ ደንብ ቢሮው አስገባት። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ሁለት አማራጮች ቀርበውልሻል። አንደኛ፣ በፈቃድሽ ወደ ልብስ ማጠቢያ መመለስ። ሁለተኛ፣ ተመድበሽ መመለስ።»

ደብተሯን ከሽርጥ ኪሷ አውጥታ መሣል ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«የተዘጋ በር እየሣልኩ ነው፣ ጋሼ። ሦስተኛ ረድፍ። ያን ክፉ ቃሌን ከነጠላ ጫማው አውጥቼ እዚህ ላግባው። የእርስዎንም ከጎኑ።»

«የኔ ምን ሆኖ? ጨዋ አነጋገር ነው!»

«ኮትማ ለብሷል። ግን ሁለቱም መንገድ የሚያደርሰው ማጠቢያ ቤት ነው። እኔ ሽማግሌው ላይ ብጮህም፣ ሁለት ክፍል ነበረኝ።»

የመቀበያው ደወል ተንጫረረ። ሌሎች እንግዶች መጥተዋል። ጋሼ ደንብ በሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ደብተሩን አየ።

«እሺ… የቱን ትመርጫለሽ?» አላት።

ደብተሯን ከድና ወደ ደወሉ ሄደች። እስከ ዛሬም እዚያው መቀበያው ላይ ናት።

እኛስ? ለሠራተኛ፣ ለልጅ፣ ለሚስት፣ ስንት ጊዜ ነው የተዘጋ በር ላይ ኮት የምንሰቅለው? በጨዋ ቃል የተነገረ ማስገደድ ምርጫ ይሆናል ያለን ማነው? እባካችሁ፣ ነገ ለአንድ ሰው «ሁለት ምርጫ አለህ» ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ፣ በመጀመሪያ ቁጠሯቸው።