የጆሮ ኩክና የአእምሮ ምርምር

የሥራ መታወቂያዬ «ከፍተኛ የምርምር ረዳት» ይላል። የሰፈሬ ልጆች ግን ከዚህ ሁሉ የሰሙት «ረዳት» የምትለዋን ብቻ ነው። «የየት መስመር ረዳት ነሽ? የፒያሳ ሳሪስ?» ይሉኛል። እናቴ በበኩሏ «ከፍተኛ» የሚለውን ይዛ በዕድሯ ውስጥ ዶክተር አድርጋ ሾማኛለች። እኔ የምሠራው አምስት ኪሎ አካባቢ ባለ ቤተ ሙከራ፣ የመርሳት በሽታንና አንጎልን ቀስ በቀስ የሚያደክሙ ሌሎች ሕመሞችን በሚያጠና ቡድን ውስጥ ነው። ደም እቀዳለሁ፣ ናሙና አስቀምጣለሁ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ማቀዝቀዣው ፊት ቆሜ እጸልያለሁ። አብዛኛውን ጊዜዬን ግን የማጠፋው ለአረጋውያን ቃላት በማንበብና ትንሽ ቆይቼ «እስቲ ያልኩዎትን ይድገሙልኝ» በማለት ነው።

ሥራው ክፉ አመል አስለምዶኛል። የሰው መርሳት አያልፈኝም። ሰርግ ተጠርቼ እንኳ ሚዜው ንግግሩ ሲጠፋበት በሆዴ ነጥብ እቀንስበታለሁ።

ባለፈው ክረምት ለጥናቱ ከሕሙማኑ ጋር የሚነጻጸሩ ጤነኛ ሰዎች አነሱን። ደረቴን ነፍቼ «እኔ አለሁ አይደል እንዴ!» አልኩ። የተለመዱትን ቃላት እንደ አቡነ ዘበሰማያት ስለማውቃቸው ባልደረባዬ ገና ያላየሁትን አዲስ ቅጂ አወጣች። በግራዬ ተቀምጣ በዝግታ አነበበችልኝ፤ ትንሽ ቆይታ ድገሚ አለችኝ።

«ጋሪ፣ ሎቲ፣ በግ…» ብዬ ጀመርኩ።

ብዕሯን አስቀመጠች። «እየቀለድሽ ነው?»

«የምን ቀልድ?»

«ጋቢ፣ ሎሚ፣ በር ነው እኮ ያልኩሽ።»

ያልተባለ ቃል መጨመር ምን ሊጠቁም እንደሚችል ለአዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነኝ። በቀይ አስምሬ ነው የማሳያቸው። ባልደረባዬ «ደክሞሽ ይሆናል» አለችኝ፤ ይህም ራሴ ለሕሙማን ቤተሰቦች የምናገረው ማባበያ ስለሆነ ይብስ አስደነገጠኝ።

ከዚያ ወዲያ ራሴን መሰለል ጀመርኩ። ፒያሳ ታክሲ ልይዝ ስወጣ ፌርማታው ከቦታው የለም። ፒያሳ ከፈረሰችና እንደገና ከተሠራች ወዲህ መንገድ ያልጠፋበት ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ የእኔን ግን ለብቻው እንደ ሕመም ቆጠርኩት። ኬክ ቤት ገብቼ ባንኮኒው ጋ ስቆም አስተናጋጁ «ማኪያቶ ነው ያሉት?» ሲለኝ፣ ምን እንዳልኩ እርግጠኛ ስላልነበርኩ «አዎ» ብዬ የማልወደውን ማኪያቶ ጠጣሁ። ቤት ስገባ እናቴን አየሁና ማን ሊጦራት ነው ብዬ ዓይኔ እንባ ሞላ። እሷ ደግሞ አፍጥጣ ስታየኝ ቆየችና «ባል አገኘሽ እንዴ?» አለችኝ።

በመጨረሻ ወደ አለቃችን ወደ ፕሮፌሰሩ ገባሁ። በሩን ዘግቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሥራዬን በክብር ለመልቀቅ የተዘጋጀሁ ሰው መስዬ ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ተነሱና በግራዬ አልፈው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ተመልሰው በቀኜ ቆሙ።

«ቅድም ያልኩሽን ሰምተሻል?» አሉኝ።

«ምንም አላሉኝም እኮ።»

«ተነሽ አልኩሽ። ሁለቴ።»

ከመሳቢያቸው የጆሮ መመልከቻ አወጡና ግራ ጆሮዬን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። ምርመራውን በአምስት ቃል ነገሩኝ፤ «ይሄ ኩክ ሳይሆን ግድግዳ ነው።»

የቡድናችን ነርስ በሞቀ ውሃ አጥባ ስታወጣው እንኳን እኔ እሷም አፈረች። ከዚያ ወደ ውጭ ስወጣ የታክሲ ረዳቱ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ሲል ራስ ቅሌ ውስጥ ገብቶ የጮኸ መሰለኝ። ለካ ከተማው እንዲህ ይጮህ ነበር! እንደ ተፈታ እስረኛ እየሳቅኩ ሄድኩ።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን እኔ አንድ ነገር ሲበራልኝ ለራሴ ብቻ ማብራት አልችልም። የቤተ ሙከራው የጆሮ ሰባኪ ሆንኩ። የዘበኛችንን ጆሮ ሳይቀር እንዲታይ አስገደድኩ።

በዚያው ሰሞን አንድ አዛውንት ከሴት ልጃቸው ጋር መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያሳ ኬክ ቤት ያስተናገዱ ሰው ናቸው። የኖሩበት የውቤ በረሃ ቤት ሲፈርስ አፍንጮ በር ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ጫማቸው የሚያበራ፣ ምላሳቸው ደግሞ የአራዳ ነው።

«አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«እዚህ ያስቀመጡሽ ሳታውቂው ነው?»

«አሁን ያለንበት ቦታስ?»

«አንቺ ቀድመሽ ነው የመጣሽው። አንቺ ንገሪኝ።»

ቃላቱን ሳነብላቸው «እ?» አሉኝ። ደገምኩ። «እ?» አሉኝ እንደገና። በደስታ ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። ልጃቸውን ወደ ኮሪደሩ ጠራኋትና «እህቴ፣ ተስፋ አትቁረጪ፤ ጆሯቸው ሊሆን ይችላል» አልኳት።

ፊቷ ባንድ ጊዜ ተለወጠ። «እኔም እኮ እላለሁ! እንደዚህ እየቀለደ የምን መርሳት ነው?»

ፕሮፌሰሩ የዚያን ዕለት ስላልነበሩ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ የማውቃቸው የጆሮ ሐኪም ያሉበት ፒያሳ ክሊኒክ ሦስታችንም ሄድን። ታክሲ ውስጥ የራሴን ታሪክ ነገርኳት። ግድግዳውን፣ ውሃውን፣ የከተማውን ጩኸት። እየሳቀች የአባቷን እጅ ጨበጥ አደረገች።

ሐኪሙ አዛውንቱን መረመሩ፤ ድምፅም አሰሟቸው። «የሕፃን ጆሮ ነው» አሉ። «ከእኔ ይሻላሉ። ማን ላካቸው?»

«ቤተ ሙከራችን» አልኩ። የሠራሁትን ሞኝነት ብቻዬን መሸከም ስላቃተኝ።

ያ «እ?» የሚሉት ነገር፣ መልሱ እስኪመጣላቸው ጊዜ መግዣ ነበር። ቀልዱም እንደዚያው። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ነው፤ እኔ ደግሞ ከፍተኛ ነኝ።

ወጥተን ስንሄድ አዛውንቱ ድንገት አንድ ኬክ ቤት ገቡ። ተከተልናቸው። እኛን ጥግ ላይ አስቀመጡን፣ ጠረጴዛውን በመሃረባቸው ጠረጉና ጎንበስ ብለው «ምን ልታዘዝ፣ እመቤት?» አሉኝ።

«ሻይ» አልኩ።

ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። ተመልሰው፣ ያው ትሕትና ያው ፈገግታ፣ «ምን ልታዘዝ፣ እመቤት?» አሉኝ። አስተናጋጆቹ ነገሩ ገብቷቸው ዞር አሉ። ልጃቸው ቀልጠፍ ብላ «ለሷ ሻይ፣ ለኔ ኬክ» አለች። ቀጥሎ ሲመጡ «ለኔ ወተት» አለች። ከዚያ «ፓስቲ አለ?» አለቻቸው። ዓይኗ እንባ ቢያቀርርም ማዘዟን አላቆመችም። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ተመላለሱ።

ደክሟቸው ሲቀመጡ «ይቅርታ አድርጊልኝ። ያላጣራሁትን ነገርኩሽ» አልኳት።

«ከጠዋት ጀምሮ ጆሮው ነው ብዬ አምኜ ነበር» አለችኝ። «መንገድ ላይ ወንድሜ ጋም ደወልኩ። ግማሽ ቀን አባቴ ደህና ነበር።» አስተናጋጁ ያመጣላትን ኬክ ለሁለት ቆረጠችና ግማሹን ወደኔ ገፋችው። «ብይ። እኔን ደግሞ ማስለቀስ ይበቃሻል።»

በማግስቱ ለፕሮፌሰሩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ተቆጡኝ፤ ደህና አድርገው። ቁጣው ሲያልቅ ግን ከእንግዲህ ማንም ሰው ከፈተናው በፊት ጆሮው እንዲታይ ወሰኑ። «ሐሳቡ እንዴት እንደመጣ ግን ጽሑፋችን ውስጥ አይገባም» አሉኝ።

አዛውንቱ እስካሁን በጥናቱ ውስጥ አሉ። ወደ እኛ መምጣት ሲከብዳቸው እኔ ቤታቸው እሄድ ጀመር። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አፍንጮ በር ቅያስ ለቅያስ ስዞር ቆየሁና ልጃቸው ጋ ደወልኩ።

«ምን ይታይሻል?» አለችኝ።

«አጥር።»

«የምን አጥር?»

«የቆርቆሮ።»

እየሳቀች ስልኩን ዘጋችው። ትንሽ ቆይታ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አባቷን ይዛ ከማዶ ብቅ አለች፤ ለካ የቆምኩት ከቤታቸው ፊት ለፊት ኖሯል። መኪናው ይበዛ ነበርና በአንድ እጇ እሳቸውን፣ በሌላው እኔን ይዛ አስፋልቱን አሻገረችን።